የበሩ ጽሑፍና የግምጃ ቤቱ ሒሳብ

አንድ ሕግ ከመታወጁ በፊት «ለሕዝቡ ይበጃል ወይስ አይበጅም?» ተብሎ መመርመሩ የተለመደ ነው። «ሕጉን በሥራ ላይ ለማዋል ስንት ገንዘብ ያስፈልጋል? ያንንስ ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል፤ ቢነሣም ስብሰባው ሊያበቃ ሲል፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ማየት ከጀመረ በኋላ ነው። በበጀትና በሒሳብ ሥራ ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን ይህን ከእኛ አብልጠው ያውቁታል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በአንድ በር ምክንያት እንዴት እንደ ተነሣ ለማስረዳት አስበናል። በሩ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በር ነው፤ አገሩም አሜሪካ ነው። በዚያ አገር ካሉት ግዛቶች አንዳንዶቹ፣ ወንድ በሴቶች መጸዳጃ ቤት፣ ሴትም በወንዶች መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቢገኝ በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ አውጥተዋል ወይም ለማውጣት ሞክረዋል። የሕጎቹ ደጋፊዎች ዓላማችን የሴቶችንና የልጃገረዶችን ገመናና ደኅንነት መጠበቅ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ ከተወለዱበት ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው መዋል እንዳይችሉ ያደርጋል፤ ማጮለቅንና ማስነወርን የሚቀጣ ሕግም ድሮውኑ አለ ሲሉ ይመልሳሉ። ክርክሩ ገና አላበቃም፤ እኛም በዚህ ገጽ ልንፈርደው አንነሣም። የምንከተለው የገንዘቡን መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

ለወንድና ለሴት የተለያየ መጸዳጃ ቤት ይዘጋጅ የሚለው ሕግ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው ሕግ የወጣው በ1887 በማሳቹሴትስ ግዛት ነው። በዚያን ጊዜ ሴቶች በብዛት ወደ ፋብሪካ ሥራ ገብተው ስለ ነበር፣ አሠሪው ለእነርሱ የተለየ ቦታ እንዲያዘጋጅላቸው ታዘዘ። እስከ 1920 ድረስ ከ40 የሚበልጡ ግዛቶች ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። ልብ የሚባለው ነገር ግዴታው በማን ላይ እንደ ወደቀ ነው። ሕጉ ይጠይቅ የነበረው ባለ ፋብሪካውን እንጂ በበሩ የገባውን ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ወጪውም የግንብና የቧንቧ ወጪ ሆኖ ከባለ ፋብሪካው ኪስ ይወጣ ነበር።

በበሩ የገባውን ሰው መክሰስ ምን እንደሚያስከትል በ1990 በሂውስተን ከተማ የሆነው ነገር ያሳየናል። የከተማው ደንብ፣ ሁከት በሚያስነሣ አኳኋን ወደ ሌላው ጾታ መጸዳጃ ቤት መግባትን ይከለክል ነበር። አንዲት ሴት ለሙዚቃ ትርዒት ሄዳ ሳለች፣ በሴቶቹ በር ፊት የቆመው ሰልፍ አላልቅ ቢላት ጊዜ ወደ ወንዶቹ ገባች። ፖሊስ የክስ ወረቀት ጻፈባት፤ ከአዳራሹም ተባረረች። መቀጮው ቢበዛ 200 ዶላር ነበር። እርሷ ግን አልከፍልም ብላ ተከራከረች። ዳኛ ተሰየመ፤ ዐቃቤ ሕግ ቆመ፤ ጁሪ የሚባለው፣ ከሕዝብ መካከል ተመርጦ የሚፈርደው ሸንጎም ተሰበሰበ። ጁሪው ለምክር ገብቶ በ23 ደቂቃ ውስጥ በነጻ አሰናበታት። የዳኛው፣ የዐቃቤ ሕጉ፣ የፖሊሱና የጸሐፊው የሥራ ሰዓት ሲደመር ከ200 ዶላር እንደሚበልጥ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ወሬው በየጋዜጣው ከተሰማ በኋላ ቴክሳስን ጨምሮ በልዩ ልዩ ግዛቶች፣ በትልልቅ አዳራሾች ለሴቶች የሚሠሩት መጸዳጃዎች ቍጥር ከፍ እንዲል የሚያዝዙ ሕጎች ወጡ። ከፖሊስ መዝገብ የተነሣው ጉዳይ ወደ ግንበኛው ተዛወረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። በአሜሪካ ግዛቶች ምክር ቤቶች ዘንድ አንድ መልካም ልማድ አለ። ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ፣ የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ሕጉ በመንግሥት ገቢና ወጪ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መርምረው አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። ይህን ጽሑፍ በአማርኛ «የገንዘብ ማስታወሻ» ብንለው ይስማማዋል። ማስታወሻው ሕጉ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ አይናገርም፤ ከየትኛው ሣጥን ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ወደ የትኛው ሣጥን ምን ያህል እንደሚገባ ብቻ ያመለክታል። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ እኛ ግን ከብዙ ንግግር ይልቅ ብዙ ነገር የሚገኝበት ሆኖ አይተነዋል።

በ2016 የኢንዲያና ግዛት ሴናተር የሆኑት ሚስተር ጂም ቶምስ፣ ወደ ሌላው ጾታ መጸዳጃ ቤት መግባት እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ እንዲያስቀጣ የሚል ረቂቅ አቅርበው ነበር። ይህ በግዛቱ ሕግ ከቀላል ወንጀሎች መካከል ከፍተኛው ደረጃ ነው። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ቢሆንም በዚያው ግዛት የገንዘብ ሥርዓት ተከትለን አንድ ክስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብንሸኘው፣ መቀጮ ማለት ገቢ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሐሳቡን እንዲለውጥ ይገደዳል።

መቀጮውን እንመልከት። በ1851 በወጣው የኢንዲያና ሕገ መንግሥት መሠረት፣ በወንጀል ምክንያት የሚከፈል መቀጮ ሁሉ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች በተቋቋመው ዘላቂ ገንዘብ ውስጥ ይገባል። የዚህ ገንዘብ ዋናው ይጨመርበታል እንጂ ከቶ አይቀነስለትም። ስለዚህ ሰውየውን የያዘው ፖሊስ፣ የፈረደበት ፍርድ ቤት፣ ያሰረውም ወህኒ ቤት ከመቀጮው አንዲት ሳንቲም አያገኙም። ለልጆች ትምህርት መዋሉን የሚነቅፍ ሰው አይኖርም፤ የምንለው ወጪ አድራጊውና ገቢ ተቀባዩ የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

ከመቀጮው ሌላ ጥፋተኛው የሚከፍለው 120 ዶላር የፍርድ ቤት ክፍያ አለ። መቀጮ ቅጣት ነው፤ ይህኛው ግን ለዳኝነቱ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ሁለቱን ቃላት እንዳያቀላቅሏቸው ይጠንቀቁ። ከዚህ ክፍያ 70 በመቶ ወደ ግዛቱ ጠቅላላ ግምጃ ቤት፣ 27 በመቶ ወደ አውራጃው፣ 3 በመቶ ደግሞ ወደ ከተሞች ይሄዳል። አውራጃ ያልነው በአሜሪካኖች ካውንቲ የሚባለውን ነው፤ ኢንዲያና 92 አውራጃዎች አሏት።

ወጪውስ? በቀላል ወንጀል የተፈረደበት ሰው የሚታሰረው በአውራጃው ወህኒ ቤት ነው። የጠባቂዎቹ ደመወዝ፣ ምግቡ፣ መብራቱ፣ የታመመም እንደ ሆነ መድኃኒቱ በአውራጃው ላይ ይወድቃል። ከዚህም በላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 በሰጠው ፍርድ፣ እስራት የሚያስከትል ክስ ሁሉ፣ ወንጀሉ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ ተከሳሹ ድኻ ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል። ኢንዲያና በ2016 በነበረው ደንብ፣ ለድኾች ጠበቃ በማቆም አውራጃዎቹ ከሚያወጡት ገንዘብ ከፊሉን ትመልስላቸው ነበር፤ የቀላል ወንጀል ክሶች ግን ከዚህ እርዳታ ውጭ ነበሩ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 30 ቀን ታሰረ እንበል፤ የአንድ እስረኛ የቀን ወጪም 50 ዶላር ነው ብለን እናስብ። አውራጃው ጠበቃውን ሳንቈጥር 1,500 ዶላር ያወጣል። ከፍርድ ቤቱ ክፍያ የሚደርሰው 32 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው፤ ያውም የታሰረው ሰው መክፈል ከቻለ። አንድ ክስ ብቻ ከሆነ ይህ የሚያስደነግጥ ወጪ አይደለም። ነገር ግን የአውራጃ በጀት መንገድ የሚጠገንበት፣ ድልድይ የሚታደስበት ያው በጀት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ክሶቹ ስንት ይሆናሉ? እዚህ ላይ የሒሳብ ባለሙያው ብዕሩን ያስቀምጣል። በየመጸዳጃ ቤቱ በር ፖሊስ ማቆም አይቻልም። ፖሊስ ቢቆምም በበሩ የሚገባውን ሰው ጾታ በምን ያረጋግጣል? የልደት ምስክር ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው የለም። ቁመቷ የረዘመ፣ ጠጕሯን በአጭሩ የተቈረጠች ሴት በተወለደችበት ጾታ በር ስትገባ «አንተ፣ ወዴት ነው?» ተብላ ልትጠየቅ ትችላለች። ስለዚህ የእንዲህ ያለው ሕግ ወጪ በቍጥር ሊወሰን አይችልም ብሎ መጻፍ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ እውነተኛው መልስ ነው።

በፍሎሪዳ በ2023 የወጣው ሕግ ይህን ችግር አይቶ ይመስላል፣ መግባቱን ብቻ ወንጀል አላደረገውም። በመንግሥት ሕንጻ ውስጥ ወደ ሌላው ጾታ መጸዳጃ ቤት የገባ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ «ውጣ» ሲለው እምቢ ካለ ነው ወንጀል የሚሆነው። ለቤተሰብ የሚያስፈልጉትም ነገሮች ተለይተው ተጽፈዋል፤ ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ፣ ሽማግሌን ወይም አካለ ስንኩልን ለመርዳት አብሮ የሚገባ ሰው አይከሰስም። ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ መንገድ የወጣ አባት ይህ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ያውቃል። በማርች 2025 በግዛቱ የምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ፣ ሕጉን የምትቃወም አንዲት ወጣት አስቀድማ ለምክር ቤቱ አባላት በደብዳቤ አስታውቃ ወደ ሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ተይዛም ታሰረች። በጁን ወር ግን ክሱ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ስላልተፋጠነ ተዘጋ። ፖሊሱም ወህኒ ቤቱም ዐቃቤ ሕጉም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ በገቢ በኩል የተመዘገበ ነገር ግን የለም።

በዩታ ደግሞ ወጪው ማንም ካልጠበቀበት ቦታ ብቅ አለ። በ2024 የወጣው ሕግ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደንቡን ማክበራቸውን እንዲቈጣጠር የግዛቱን ዋና ኦዲተር አዘዘ፤ ሕዝቡም አቤቱታውን የሚያቀርብበት ቅጽ በኢንተርኔት ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ከ10,000 የሚበልጡ አቤቱታዎች ጎረፉ። ኦዲተሩ ሚስተር ጆን ዱጋል ሁሉም ሐሰተኞች፣ ለፌዝና ለተቃውሞ የተላኩ መሆናቸውን ተናገሩ። ቢሆንም ከመካከላቸው እውነተኛ ይገኝ እንደ ሆነ ለማየት አንድ በአንድ መመርመር ነበረባቸው። የሕዝብን ገንዘብ አጠፋፍ እንዲመረምር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ቀልድ ሲያነብ የሚውልበት ሰዓት በየትኛው የበጀት አርእስት ይመዘገባል? በገንዘብ ማስታወሻ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ቦታ ያለ አይመስለንም።

እስካሁን ያየናቸው ቍጥሮች ትንንሾች ናቸው። ትልቁ ቍጥር የመጣው ምንም ቅጣት ካልተጻፈበት ሕግ መሆኑ ያስገርማል።

በፌብሯሪ 2016 በሰሜን ካሮላይና የሻርሎት ከተማ ምክር ቤት፣ ሰዎች በሚኖሩበት ጾታ መጸዳጃ ቤት እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። የግዛቱ ምክር ቤት በማርች 23 ቀን ልዩ ስብሰባ ተጠርቶ በአንድ ቀን ውስጥ ደንቡን ሻረና፣ በትምህርት ቤቶችና በመንግሥት ሕንጻዎች ሁሉ ሰው በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ጾታ እንዲጠቀም አዘዘ። አገረ ገዥው ሚስተር ፓት ማክሮሪ በዚያው ምሽት ፈረሙበት። በሕጉ ውስጥ ለሚተላለፈው ሰው መቀጮም እስራትም አልተወሰነም። በወንጀል ሒሳብ ብቻ ቢታይ፣ ወጪው ባዶ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፔይፓል የተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ ኩባንያ በሻርሎት ሊከፍተው የነበረውን፣ 400 ሠራተኞች የሚቀጠሩበትን መሥሪያ ቤት መተዉን አስታወቀ። ዶይቸ ባንክ በኬሪ ከተማ 250 ሰዎች ለመቅጠር የያዘውን ዕቅድ አቆመ። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር በ2017 በሻርሎት ሊደረግ የነበረውን የከዋክብት ጨዋታ ወደ ኒው ኦርሊንስ አዛወረው፤ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበርም ሰባት የሻምፒዮና ውድድሮችን ከግዛቱ አወጣ። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት በማርች 2017 ሒሳቡን ሠርቶ፣ ግዛቱ በ12 ዓመት ውስጥ የሚያጣው የንግድ ጥቅም 3.76 ቢሊዮን ዶላር ነው ሲል አወጣ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ይህ ቍጥር በብዙ ጋዜጦች «የሕጉ ወጪ» እየተባለ ተጽፏል። ወጪ ግን ከሣጥን የወጣ ገንዘብ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ሊመጣ ሲችል የቀረ ገንዘብ ነው፤ ያውም በአብዛኛው የነጋዴውና የሠራተኛው እንጂ የግምጃ ቤቱ አይደለም። ግምጃ ቤቱ ያጣው ከዚያ ላይ ሊሰበስበው የነበረውን ግብር ብቻ ነው። የሕጉ ደጋፊዎችም፣ ጉዳቱ ከግዛቱ ዓመታዊ ምርት አንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም ሲሉ ተከራክረዋል። ቍጥሩን ለ12 ብናካፍለው በዓመት 313 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይሆናል፤ የግዛቱ ዓመታዊ ምርት ደግሞ በዚያን ጊዜ ከ500 ቢሊዮን ዶላር ይበልጥ ነበር። ስለዚህ በስሌቱ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ጉዳቱ በግዛቱ ሁሉ ላይ እኩል አልተከፋፈለም። ለጨዋታው ሰሞን እንግዳ ይመጣል ብሎ የጠበቀው የሻርሎት ሆቴል አልጋ አንጣፊ፣ የታክሲ ነጂና የምግብ ቤት አስተናጋጅ ያጡት ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛውን አይደለም፤ የሰሞኑን ገቢያቸውን ነው።

ሚስተር ማክሮሪ በኖቬምበር 2016 ምርጫ በ10,000 ያህል ድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። የመጸዳጃ ቤቱ አንቀጽም በማርች 30 ቀን 2017 ተሻረ፤ የከዋክብቱ ጨዋታ በ2019 ወደ ሻርሎት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ሕግ ባወጡት ሌሎች ግዛቶች ላይ ኩባንያዎች በዚያ መጠን ሲያድሙ አልታየም። ስለዚህ የሰሜን ካሮላይናን ቍጥር አንሥቶ በሌላው ግዛት የገንዘብ ማስታወሻ ላይ መለጠፍ ትክክለኛ ሥራ አይሆንም።

ሳይቀር የሚመጣው ወጪ የክርክር ወጪ ነው። በአሜሪካ በ1976 በወጣ ሕግ መሠረት፣ የዜጎች መብት ተነካ ተብሎ በተነሣ ክስ የመንግሥት ወገን ከተረታ፣ የረታውን ሰው የጠበቃ ዋጋ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ ሊያዝዝ ይችላል። በቨርጂኒያ የግሎስተር አውራጃ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ አንድ ተማሪ በሚኖርበት ጾታ መጸዳጃ ቤት እንዳይጠቀም በመከልከሉ በ2015 ተከሰሰ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላም ቀጠለ። በመጨረሻ ቦርዱ ተረታና በ2021 ለተከራካሪው ወገን ጠበቆች 1.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የቦርዱ ውሳኔ የወንጀል ሕግ አልነበረም፤ በሩ ግን ያው በር ነው። በእንዲህ ያለ ገንዘብ ስንት መምህር ለስንት ዓመት ሊቀጠር እንደሚችል ማስላቱን ለአንባቢዎቻችን እንተወዋለን።

ቴክሳስ በ2025 ያወጣውና ከዲሴምበር 4 ቀን ጀምሮ የጸናው ሕግ ሌላ መንገድ መርጧል። መቀጮው የሚጣለው በገባው ሰው ላይ ሳይሆን ሕንጻውን በሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ነው። ለመጀመሪያው ጥፋት 25,000 ዶላር፣ ለተደገመው 125,000 ዶላር ይከፈላል፤ ጥፋቱ የቆየበት እያንዳንዱ ቀንም እንደ አዲስ ጥፋት ይቈጠራል። ከፋዩ ከተማ ወይም ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆነ፣ ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ነው፤ ተቀባዩም መንግሥት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ቢያየው ከአንዱ መዝገብ ተነሥቶ ወደ ሌላው የሚሻገር ገንዘብ ነው፤ ድምሩ አይለወጥም። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ገንዘብ ያዥ ግን 125,000 ዶላር የዓመቱን ዕቅድ የሚያፈርስ ገንዘብ ነው። ሕጉ የሚመለከተው ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ የሚገባባቸውን ክፍሎች ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት፣ ከውስጥ የሚቈለፍ ክፍል ግን በበሩ ላይ የወንድ ወይም የሴት ሥዕል አያስፈልገውም፤ ዋጋውም በግንበኛውና በቧንቧ ሠራተኛው ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ይገኛል።